ታቦታችን ያለበት የሄንሪ ሰባተኛ ጸሎት ቤት፦ ጣሪያው በምን ቆመ? ታቦቱስ ሳይጎዳ ይወጣል?

የሐረጎ ልጅ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

በ2016 ዓ.ም. የወጣውን ዜና ሳታስታውሱት አትቀሩም። ለንደን ያለው ዌስትሚንስተር አቢ (ድሮ ገዳም የነበረ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ነው) ከመቅደላ የተወሰደውን ታቦት ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መመለስ ተገቢ ነው ብሎ በመርህ ደረጃ ወሰነ ተባለ። ያኔ እሰየው ብዬ አለፍኩ። ሰሞኑን ግን "ለመሆኑ የት ነው ያስቀመጡት?" የሚል ሐሳብ ገባኝና ማንበብ ጀመርኩ። ያለው በአቢው ምሥራቅ ጫፍ ነው። ንጉሥ ሄንሪ ሰባተኛ በእመቤታችን ስም ባሠራው ጸሎት ቤት፣ መሠዊያው ውስጥ። ተከድኗል፤ ሰው አያየውም።

ከዚያ የጸሎት ቤቱን ፎቶ ከፈትኩ። በቃ፣ ሌላ ሥራ መሥራት አቃተኝ።

እኔ እዚህ ኮምቦልቻ ግንባታ ላይ ነው የምሠራው። ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት ፌሮው እንዴት እንደሚታሰር፣ ፎርምወርኩ መቼ እንደሚፈታ አውቃለሁ። ይሄ ቤት ግን ፌሮ የለውም፣ አርማታ የለውም፣ ድንጋይ ብቻ ነው። እና ጣሪያው ላይ ትልልቅ ድንጋዮች ወደ ታች ተንጠልጥለዋል፤ ከስራቸው ምሰሶ የለም፣ ምንም የለም፣ አየር ነው። ፎቶውን አጉልቼ ሳየው የተንጠለጠለው ጫፍ ራሱ ተቀርጿል። በ1500ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ነው ይላሉ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አምስት መቶ ዓመት አልፎት አልወደቀም ማለት ነው።

ስለ ግንባታው የምታውቁ እንዴት እንደቆመ አስረዱኝ። ታሪኩን የምታውቁ ደግሞ ንጉሡ ይህን ሁሉ ለምን እንዳሠራ ንገሩኝ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ታቦቱ ነው። መሠዊያው ውስጥ ከታሸገ ቤቱን ሳይነኩ ማውጣት ይቻላል? ወይስ "ቅርሱ ይጎዳል" የሚል ምክንያት ይመጣብን ይሆን?

ጠራቢው (ደሴ)

ወንድሜ፣ ይሄን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። እኛ ቤት ድንጋይ መጥረብ ከአባት የመጣ ሥራ ስለሆነ የእነዚህን ጣሪያዎች ነገር ፈልጌ ፈልጌ ነው ያነበብኩት።

በመጀመሪያ እነዚያ ድንጋዮች አልተንጠለጠሉም። ዓይንህ ነው የተታለለው፣ ሠሪዎቹም የፈለጉት እሱን ነው። ከግድግዳ ግድግዳ የሚሻገሩ ትልልቅ ቅስቶች አሉ። ቅስት ምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ብለው የተጠረቡ ድንጋዮች እርስ በርስ እየተገፋፉ ነው የሚቆሙት። ክብደት በጫንክበት ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃል። እዚህ ቤት ያደረጉት ምንድነው፣ ከቅስቱ ድንጋዮች አንዷን በግራም በቀኝም በኩል ከሌሎቹ አስረዝመው ወደ ታች እንድትወርድ አድርገው ጠረቧት። ያቺ ድንጋይ ራሷ የቅስቱ አካል ናት። ላይዋ በጎረቤቶቿ ተነክሷል፣ ታችዋ ብቻ ነው አየር ላይ ያለው።

ቀጥሎ ከዚያች ድንጋይ ጫፍ ዙሪያውን ሌላ ድንጋይ እየሰፋ ወደ ላይ ይወጣል። ጃንጥላ ነፋስ ሲገለብጠው ሽቦዎቹ ከእጀታው ወደ ላይ እንደሚከፈቱት ማለት ነው። አንዱ ከሌላው ጋር እየተገናኘ ጣሪያውን ይሞላዋል። ከዚያ ዋናው ሚስጥር ይመጣል፦ ቅስቱ መሐል ላይ ሲደርስ ከጣሪያው ገጽ በላይ ያልፍና ይሰወራል። ከታች ቆሞ የሚያይ ሰው የቅስቱን እግር ያያል፣ የወረደችውን ድንጋይ ያያል፣ የሚሸከማትን ግን አያይም። እኔ ይሄን የተረዳሁት የጣሪያውን የቁም ቁራጭ ሥዕል (ቤቱ ከላይ እስከ ታች ቢሰነጠቅ ውስጡ የሚታይበትን) ሳይ ነው፤ አንተም ፎቶውን ትተህ ሥዕሉን ፈልግ፣ ወዲያው ይገባሃል።

ሌላው ችግር ግፊት ነው። ቅስት ግድግዳን ወደ ውጭ ይገፋል። የዚህ ቤት ግድግዳ ደግሞ አብዛኛው መስታወት ነው፤ መስኮቶቹ እንኳን ቀጥ ያሉ አይደሉም፣ ታጥፈው ወደ ውጭ ይወጣሉ። ታዲያ ግፊቱን ማን ይችላል? ውጭውን እይ። ዙሪያውን ስምንት ማዕዘን ያላቸው ማማዎች ቆመዋል፣ አናታቸው ላይ ትንንሽ ጉልላት አለ። ለጌጥ የቆሙ ይመስላሉ ግን ደጋፊ ግንብ ናቸው። ከእነሱ ተነስተው በአየር ላይ የሚሻገሩ ግማሽ ቅስቶች ግፊቱን ተቀብለው ያወርዱታል። ሥራ የሚሠራውን ነገር ሁሉ ጌጥ አድርገውታል። እኔ የምወደው ይሄን ነው።

ፎርምወርክ ነበራቸው፣ የእንጨት። ድንጋዩ እየተገጠመ፣ ኖራው እስኪጠና ተጠብቆ ነው የሚፈታው። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዷ ድንጋይ መሬት ላይ ተለክታ፣ ተጠርባ፣ ቅርጿ ተጠናቃ ነው ፖንቴ ላይ የምትወጣው። ላይ ወጥተህ "ትንሽ ልቀንሳት" ማለት የለም። የአንዷ ማዕዘን ከተዛነፈ የሚቀጥሉት ሁሉ ይዛነፋሉ።

መምህርት (ሆጤ፣ ደሴ)

ጠራቢው፣ እጅህ ይባረክ። ግንባታው እንዲህ በአማርኛ ተብራርቶ አንብቤ አላውቅም።

እኔ የንጉሡን ልሙላ። ሄንሪ ሰባተኛ ዙፋኑን ያገኘው በ1485 ቦስወርዝ ላይ ሪቻርድ ሦስተኛን በጦርነት አሸንፎ ነው። በዘር ሐረጉ የነበረው መብት ደካማ ነበር። ከሱ በፊት ሁለት የንጉሥ ቤተሰቦች፣ ላንካስተርና ዮርክ፣ ለሠላሳ ዓመት ገደማ ተፋጅተዋል። እሱ ከላንካስተር ወገን ሆኖ የዮርኳን ልዕልት ኤልሳቤጥን አገባና ሁለቱን ቤቶች አገናኘ። ቀይና ነጭ ጽጌረዳ አንድ ላይ የተሳለበት ምልክት ከዚያ ነው የመጣው፤ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ያልተቀረጸበት ቦታ የለም፣ የነሐሱ በር ላይ ሳይቀር አለ። በእናቱ በኩል የመጣውን የምሽግ መዝጊያ (ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የፍርግርግ በር) ምልክትም አብሮ አስቀርጾታል። ሰው ገብቶ ሲጸልይ ቀና ባለ ቁጥር "ይህ ንጉሥ ሕጋዊ ነው" የሚል ነገር ከድንጋዩ ያነባል።

የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ጃንዋሪ 24 ቀን 1503 ነው። በዚያው ቦታ የነበረውን የቆየ የእመቤታችን ጸሎት ቤት አፍርሰው ነው የጀመሩት። ዋናው ሐሳብ የንጉሥ ሄንሪ ስድስተኛን አስከሬን ከለንደን ውጭ ካለው የዊንዘር ቤተ መንግሥት አምጥቶ እዚያ ማሳረፍ ነበር። ሄንሪ ስድስተኛ በ1471 በለንደን ግንብ እስር ላይ ሳለ የሞተ ነው፤ ሕዝቡ እንደ ቅዱስ ያየው ነበር፣ ሄንሪ ሰባተኛም ሮም ቅድስናውን እንድታውጅለት ይፈልግ ነበር። ቅዱስ ዘመድ ያለው ንጉሥ መሆን ትልቅ ነገር ነው። አልሆነም። ሄንሪ ስድስተኛ ዛሬም ዊንዘር ነው ያለው፣ ቤቱ የራሱ የሄንሪ ሰባተኛ መቃብር ሆነ።

ሚስቱ ንግሥት ኤልሳቤጥ የሞተችው መሠረቱ ከተጣለ ገና ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ነው። እሱ በ1509 ሞተ። በኑዛዜው ለነፍሱ 10,000 ቅዳሴ እንዲቀደስለት አዟል። ቤቱን የሠራው ለዚህ ነበር፤ መነኮሳት ሌት ተቀን እንዲጸልዩለት። በ1540 ግን የገዛ ልጁ ሄንሪ ስምንተኛ ገዳሙን ዘጋው፤ ጸሎቱ በዚያው ቆመ። ለተዝካር ብሎ ጉልት የሚተክል ሰው ባለበት አገር ላደግን ለኛ ይሄ ከባድ ነገር ነው። እኔ በበኩሌ ከጣሪያው ይልቅ ይሄ ነው የሚያሳዝነኝ።

መቃብሩን የሠራው ከፍሎረንስ የመጣ ጣሊያናዊ ነው፣ ፒየትሮ ቶሪጃኖ። በወጣትነቱ ማይክል አንጀሎን አፍንጫውን በቡጢ የሰበረው ሰውዬ ማለት ነው። ጣሪያው በእንግሊዝ የጎቲክ (ሹል ቅስት የሚበዛበት የአውሮፓ የመካከለኛው ዘመን ግንባታ) ዘመን ከመጨረሻዎቹ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው፤ ከስሩ ያለው የንጉሡና የንግሥቲቱ ምስል ደግሞ በወርቅ የተለበጠ ነሐስ ሆኖ አዲሱ የጣሊያን ጥበብ ነው። ሁለት ዘመን አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኝተዋል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

አሰላሙ አለይኩም ወገኖቼ። ጥሩ ትምህርት ነው፣ አላህ ይስጣችሁ። ግን የሚከነክነኝን ልናገር።

በ1868 መቅደላ ላይ የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ነው የተጫነው። የኛ አያቶች ናቸው ያንን ያዩት። መቅደላ ደግሞ ሩቅ አገር አይደለም፤ ከደሴ በኩታበር አድርገህ ወደ ተንታ የምትሄድበት ነው። ታዲያ ታቦቱን አሽገው የያዙትን ቤት ቁጭ ብለን ጣሪያህ እንዴት ያምራል ማለት እኔን ይከብደኛል። መጀመሪያ ንብረቱ ይመለስ፣ ጣሪያው ከዚያ ይደርሳል።

ጠራቢው (ደሴ)

ቦርከና ወንድሜ፣ ቁጭትህ ይገባኛል፤ የኔም ነው። ግን ያን ጣሪያ የጠረቡት ሰዎች መቅደላ አልዘመቱም። ሥራቸውን ከጨረሱ ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ነው የእንግሊዝ ጦር ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ የወረደው። ዊልያም ቨርቹና ሮበርት ጃኒንስ የሚባሉ የንጉሥ ግንበኞች ሳይሆኑ አይቀሩም የሚባለው፤ የቀሩት የቀን ሠራተኞች ናቸው፣ ስማቸውን ማንም አያውቀውም። የነሱን ሥራ ማድነቅ የዘራፊውን መኮንን ማመስገን አይደለም።

ደግሞም ቤቱን ማወቅ ለጥያቄያችን ይጠቅማል። "ቅርሱ ይጎዳል" ብሎ የሚመጣ ካለ መልስ የሚሰጠው ቤቱን የሚያውቅ ሰው ነው። አሁን ስማ፦ ታቦቱ ያለበት መሠዊያ ከጣሪያው ጋር እኩያ አይደለም። የመጀመሪያውን መሠዊያ ቶሪጃኖ ነበር የሠራው፤ በ1640ዎቹ በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ ሥዕልና ምስል የሚጠሉት ወገኖች አፈረሱት። አሁን ያለው ከድሮው የተረፉ ጥቂት ክፍሎች ተጨምረውበት በ1930ዎቹ እንደገና የቆመ ነው። ጣሪያውን አይሸከምም፣ ግድግዳም አይደግፍም። ለብቻው ነው የቆመው። እርግጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲለይ ጠርዙ ቶሎ ይሸረፋል፣ ስለዚህ በመሮ ሳይሆን መገጣጠሚያውን በቀጭን መጋዝ እየከፈቱ ነው የሚሠራው። ግን የተለመደ ሥራ ነው። ቤቱ ይፈርሳል የሚል ሰው ካለ አትስሙት።

ከለንደን ወሎዬ

የደሴ ልጆች እንደምን ናችሁ። እኔ የፒያሳ ልጅ ነኝ፤ ለንደን ከገባሁ ቆይቻለሁ። ቤቱን በዓይኔ ስላየሁት ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከዋናው አቢ ወደ ጸሎት ቤቱ በደረጃ ነው የሚወጣው። ደረጃው ጨለም ያለ ነው። ከዚያ በሁለት ከፋች የነሐስ በር ስትገባ ብርሃን ይመታሃል። ግራና ቀኝ የእንጨት መቀመጫ ተደርድሯል፤ ከበላዩ ባንዲራ ተሰቅሏል። ከ1725 ጀምሮ "ባዝ" የሚባለው የክብር ኒሻን ባላባቶች ጸሎት ቤት ነው። ከፍ ብለህ ስታይ በግድግዳው ዙሪያ የቅዱሳን ሐውልት ነው፤ 95 ያህል እስካሁን አሉ። አንዳንዶቹ መጽሐፍ ይዘው መነጽር አድርገው የሚያነቡ አሉ፣ እንደ ሰው ነው የተቀረጹት። ከዚያ ጣሪያው። ጠራቢው የነገራችሁን አላውቅም ነበርና አንገቴ እስኪዝል ነው ያየሁት።

መሠዊያው ከንጉሡ መቃብር ፊት ለፊት ነው። መቃብሩ በነሐስ አጥር ተከቧል፣ አጥሩ ራሱ ትንሽ ቤት ያክላል። ታቦቱ ያለው በመሠዊያው ጀርባ በኩል ነው። ከመቅደላ ዘማቾች አንዱ ወስዶት በ1870 ለአቢው የሰጠው ነው። ቀድሞ ሰው ያየው ነበር። በኋላ ግን ታቦት ካህን ያልሆነ ሰው ሊያየው እንደማይገባ ተነግሯቸው ሸፈኑት። እዚያ ቆሜ በልቤ ጸለይኩ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ። ቱሪስቱ አጠገቤ እያለፈ ወደ ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት መቃብር ይሄዳል። እሷና እህቷ ማርያም፣ በሕይወት ሳሉ በሃይማኖት የተጣሉት፣ በሰሜኑ ክንፍ አንድ መቃብር ውስጥ ናቸው።

በምሥራቁ ጫፍ ደግሞ በ1940 በአየር ድብደባ ጊዜ ግድግዳው ላይ የተበሳ ቀዳዳ አለ። አልደፈኑትም። መስታወት አድርገውበት ለመታሰቢያ ትተውታል።

ዲያቆን ዘጦሳ

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን።

ለየሐረጎ ልጅ ስለ ታቦቱ ጥቂት ልበል። የሚያወጣው ሰው ማን ነው የሚለው ከድንጋዩ ይበልጣል። መጋዝ የያዘ ባለሙያ ድንጋዩን ሊከፍት ይችላል፤ ታቦቱን መንካት ያለበት ግን ካህን ነው። ስለዚህ አባቶች በቦታው ተገኝተው፣ ሸፍነው፣ አክብረው ነው የሚነሣው። ለዚህ ምሳሌ አለን። ኤድንብራ ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን ውስጥ ታቦት ተገኝቶ በ2002 ወደ አገሩ ተመልሷል። አዲስ አበባ እንዴት እንደተቀበለችው ያየ ያውቀዋል፤ ሕዝቡ ከአየር ማረፊያው ጀምሮ ነው የወጣው።

ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት 11 ታቦታት ጉዳይ ሌላ ነው። እነሱ ጋ የሙዚየሙ ሕግ አለ፣ የ1963ቱ፤ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ንብረት መስጠት ይከለክላል። ታቦታቱን የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳን ሳያዩዋቸው በዝግ ክፍል ተቀምጠዋል። ዌስትሚንስተር አቢ ግን ሙዚየም አይደለም። ከአገረ ስብከትም ነፃ ሆኖ በቀጥታ በንጉሡ ሥር ያለ ቤተ ክርስቲያን ነው። የሚወስኑት የራሱ አስተዳዳሪና ጉባኤው ናቸው። በመርህ ደረጃ ወስነዋል። ስለዚህ ተስፋችን ባዶ አይደለም።

ቦርከና፣ አንተ የልብህን ስለተናገርክ አመሰግንሃለሁ። ወሎ ላይ የታቦቱ ቁጭት የክርስቲያኑ ብቻ እንዳልሆነ ከአንተ አፍ ስሰማ ደስ አለኝ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

አሚን ዲያቆን፣ አብሽር።

ጠራቢው፣ ነገርህን ተቀብያለሁ። እንግዲያው እኔም ስለ ሕንፃ ላውራ፤ በዚያው ዘመን ስለተሠራ የኛ ቤት። አፄ ናዖድ የነገሡት ከ1494 እስከ 1508 ነው። ሄንሪ ሰባተኛ ከ1485 እስከ 1509። እኩያ ናቸው ማለት ነው። ናዖድ በዚሁ በኛው አገር፣ ያኔ ቤተ አምሐራ በሚባለው በዛሬው ደቡብ ወሎ፣ መካነ ሥላሴ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አስጀመሩ። ሳይጨርሱ ሞቱ። ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል ጨረሱት፣ የአባታቸውንም አፅም እዚያ አሳረፉ። ፖርቹጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በዚያን ጊዜ አገራችን ነበር፣ ስለ ቤቱ ጽፏል።

በ1531 ተቃጠለ። በኢማም አሕመድ ጦር። ይህን እስላም ሆኜ ስጽፈው አላፍርም፣ ታሪክ ነውና እውነቱ ይነገር። ግን ስለዚያ ቤት ውበት ከሁሉ በላይ የጻፈው ማን መሰላችሁ? የኢማሙ የራሱ ታሪክ ጸሐፊ፣ ዐረብ ፈቂህ። ውስጡ በወርቅ የተለበጠ እንደነበር ይናገራል። ኢማሙ ገብቶ ሲያየው አብረውት የነበሩትን ዐረቦች በሩም (በቢዛንታይን) አገር ወይም በህንድ እንዲህ ያለ ሥራ አለ ወይ ብሎ እንደጠየቃቸው፣ እነሱም በየትም አላየንም ሰምተንም አናውቅም እንዳሉት ጽፏል። ከዚያ በኋላ ነው የነደደው።

ስለዚህ የሐረጎ ልጅ፣ የዌስትሚንስተርን ጣሪያ ስታይ ይሄን አብረህ አስብ። አባት ጀምሮት ሳይጨርስ የሞተበት፣ ልጅ ያስጨረሰው፣ የንጉሥ ማረፊያ የሆነ ቤት፤ ሁለቱም በጥቂት ዓመታት ልዩነት። የነሱ ቆሟል፣ የኛ ነዷል። የኔ ቁጭት እዚህ ላይ ነው።

መምህርት (ሆጤ፣ ደሴ)

ቦርከና፣ ተባረክ። እኔ ክፍል ውስጥ ግራኝን ሳስተምር ተማሪዎቹ ጦርነቱን ብቻ ነው የሚይዙት፤ ከዚያ በፊት ምን ቆሞ እንደነበር አይጠይቁም። አትሮንሰ ማርያምም በዚያው ዓመት ነው የተቃጠለችው፣ እሷም የነገሥታት መቃብር ነበረች። አፄ ናዖድ ራሳቸው ለዙፋን የተጠሩት ከግሸን አምባ ነው፤ የንጉሥ ልጆች ይታሰሩበት ከነበረው። ለመስከረም 21 ግሸን የሚወጣው ሰው ስንቱ ይሄን ያውቃል?

የሐረጎ ልጅ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ ጠራቢው፣ ሥዕሉን ፈልጌ አየሁት። ቅስቱ ከጣሪያው በላይ ሲያልፍ ሳይ ቁጭ አልኩ። ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነልኝ። እታለም መምህርት፣ ዲያቆን፣ ቦርከና፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

አንድ የቀረኝ አለ። መምህርት ዊንዘርን ስታነሳ ልዑል ዓለማየሁ ትዝ አለኝ። እሱ የተቀበረውም የንጉሥ ጸሎት ቤት ውስጥ ነው ይባላል። ያው ዓይነት ቤት ነው?

ከለንደን ወሎዬ

አዎ፣ ያው ዘመን ነው፤ ግን ቤቱ ውስጥ አይደለም የተቀበረው።

ዊንዘር ግቢ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ይባላል። ኤድዋርድ አራተኛ በ1475 ነው ያስጀመረው፤ ሄንሪ ስድስተኛን ከዙፋን ያወረደው ንጉሥ። ያለቀው ግን በ1528 በሄንሪ ስምንተኛ ጊዜ ነው። ያው ዊልያም ቨርቹ እዚያም ሠርቷል። ጣሪያው ድንጋይ ነው፣ ከዌስትሚንስተሩ ዝቅ ይላል፣ ድንጋዩም እንደዚያ አይወርድም። ኤድዋርድም ሄንሪ ስድስተኛም፣ ጠላቶቹ ሁለቱ፣ እዚያው ናቸው። ሄንሪ ስምንተኛም እዚያ ነው፣ በ2022 ደግሞ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ተቀበረችበት። የጋርተር ኒሻን ባላባቶች ጸሎት ቤት ስለሆነ እያንዳንዱ ባላባት በሕይወት እስካለ ሰንደቁ ከመቀመጫው በላይ ይሰቀላል። ጃንሆይም በ1954 የጋርተር ባላባት ሆነዋል።

ዓለማየሁ ገና ሰባት ዓመት ሳይሞላው ነው ከመቅደላ የተወሰደው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞተች፤ ጨለቆት ተቀበረች። እሱ በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሞተ። ንግሥት ቪክቶሪያ አዘዘችና ዊንዘር ተቀበረ፤ ከጸሎት ቤቱ ውጭ በጡብ በተሠራ ዋሻ መቃብር ውስጥ። ቤቱ ውስጥ ያለው የነሐስ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ "እንግዳ ሆኜ መጥቼ ተቀበላችሁኝ" የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ቃል ተጽፎበታል። ጃንሆይ ሌላ ጽሑፍ አስደርገውለታል። አፅሙ እንዲመለስ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ2007 ጠይቀው ነበር። በ2023 ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን አፅም ሳይነካ ማውጣት አይቻልም ብሎ እምቢ አለ። በዚያው ዓመት ግን ፀጉሩ ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ተሰጥቷል።

ጠራቢው (ደሴ)

ዊንዘር ላይ የተሰጠው መልስ እኔን አያሳምነኝም። የጡብ ዋሻ ነው። ጡብ ተከፍቶ መልሶ ይዘጋል፤ የማን አፅም የት እንዳለ መለየትም ዛሬ የሚቻል ነገር ነው። ከባድ ነው ቢሉ እሺ እላለሁ፣ አይቻልም ሲሉ ግን አልቀበልም።

የሐረጎ ልጅ፣ ከዝናቡ በኋላ ወደ ተንታ የምንሄድ ሰዎች አለን። መቅደላ አናት ላይ ሴባስቶፖል መድፉን፣ የመድኃኔዓለምን ቦታም እናያለን። መኪና ውስጥ ቦታ አለ። ቦርከና አንተም ና። ሜትርና የሥዕል ደብተር ይዛችሁ ኑ፤ የተጠረበ ድንጋይ ካገኘን መለካት እፈልጋለሁ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ኢንሻአላህ እመጣለሁ። ቀኑን እዚሁ ጻፍልን።